ያን ቅዳሜ መኪናዬ የት ነበረች?

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ገርጂ በሚገኘው የሚልክያስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ በሃይብሪድ መኪናው ሰው እያመላለሰ የሚኖረው ጋሽ ዘለቀ ቁልፉን ጨብጦ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ አሳድጎ የዳረው ሚልክያስ ደግሞ ዘይት በነካው ቱታ ፊቱ ቆሞ ይለምነዋል፤ ልመናው ከተጀመረ ቆይቷል።

ሚልክያስ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር እኮ ናት ጋሼ! «ያን ቅዳሜ መኪናዬ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ቆማብኝ ሚልክያስ መጥቶ ደረሰልኝ» ትላለህ፣ አለቀ። ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ።

ጋሽ ዘለቀ፦ አንዴ ብዬልሃለሁ።

ሚልክያስ፦ ያኔማ በስልክ ነው፣ ለትርሲት ለብቻዋ። አሁን ግን አጎቷ አቶ ወንድይራድ ራሳቸው ሊጠይቁህ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው አሉ፤ «የጋሽ ዘለቀ መኪና ያን ቅዳሜ የት ነበረች?»

ጋሽ ዘለቀ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሚልክያስ፦ ምኑ ነው ጥሩው?

ጋሽ ዘለቀ፦ እኔም እሱኑ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።

ሚልክያስ፦ ቀልዱን ተወኝ እባክህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ባዶ ነው። ትርሲት ሻንጣዋን ይዛ ሰበታ አጎቷ ቤት ከገባች ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ትናንት ዳቦ በውሃ አወራርጄ ነው የተኛሁት።

ጋሽ ዘለቀ፦ እሱስ ከስተሃል።

ሚልክያስ፦ ይኸው! አንተ እንኳ አየኸኝ። እሷ እኔን አታምነኝም፣ አንተን ግን ታምናለች። እጇን የለመንክልኝ አንተ ነህ። በሠርጋችን ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ «ይኼ ልጅ ቢበድልሽ ወደ እኔ ነይ» ያልካት አንተ ነህ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ብያታለሁ።

ሚልክያስ፦ ስለዚህ አንተ ካልክ አለቀ።

ጋሽ ዘለቀ፦ እኔን የምታምን ከሆነ ታዲያ ለምን ወጣች? ያን ዕለት ደውላ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ቆማብኝ ነበር» አላልኳትም? «እርስዎ ካሉማ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብላ አንተን ይቅርታ አልጠየቀችህም?

ሚልክያስ፦ ጠይቃኛለች። ሐዘኗን ትታ ዶሮ ሠራችልኝ።

ጋሽ ዘለቀ፦ በላኸው?

ሚልክያስ፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ጋሽ ዘለቀ፦ እሺ፣ ቀጥል።

ሚልክያስ፦ ከዚያማ ያ የአጎቷ ልጅ ነገር አመጣ። ያን ቅዳሜ ለእናቷ አርባ ድንኳን ወንበር ሊከራይ በዚህ በኩል ሲያልፍ፣ መኪናህን እዚህ ግቢ ውስጥ ኮፋኖዋ ተከፍቶ አይቷታል። ታርጋዋን ሳይቀር ያዘው። ከሰፈሩ መኪና ሁሉ ያንተ ላይ ያፍጥጥ?

ጋሽ ዘለቀ፦ የልጁ ዓይን ምን አጠፋ?

ሚልክያስ፦ ምንም። ብቻ እሑድ «ሌላ መኪና ነው ያየው፣ የኔ ቱሉ ዲምቱ ነበረች» ትላለህ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ሽማግሌ ሆኜ ሰበታ ድረስ ሄጄ፣ አንድን ወጣት ዓይንህ አያይም ልለው ነው።

ሚልክያስ፦ ለትዳር ሲባል ነው ጋሼ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ማል ቢሉኝስ?

ሚልክያስ፦ አንተን ማን ደፍሮ ማል ይልሃል? አንተ «አዎ» ስትል ሰው ይበቃዋል። ስለዚህ እኮ ነው ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንተን ዋና ያደረግኩህ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ያኔ ለምን እንደዋሸሁልህ ታስታውሳለህ?

ሚልክያስ፦ ስለምትወደኝ ነዋ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ስለምወድህ ብቻ አይደለም። ያን ቀን የእናቷ የእትዬ አሰገደች አርባ ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ፣ እንግዳ ተቀባዩ አማች የለም። ያላት ባል አንድ፣ እሱም የለ። አሥር ሰዓት ላይ ደወልክልኝ። ምን አልከኝ?

ሚልክያስ፦ አሁን በቃሌ አልይዘውም።

ጋሽ ዘለቀ፦ እኔ ይዤዋለሁ። «ጋሼ፣ ያንተን መኪና ሶፍትዌር ስጭን ነው የዋልኩት፤ ከተጀመረ በመሀል ተትቶ የማይኬድ ሥራ ነው፤ በአንተ የተነሳ አርባውን ቀረሁ» አልከኝ። «ለሥራ ቀረሁ ብላት አትምረኝም፤ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ ላወጣው ሄድኩ ብላት ግን ታመሰግነኛለች» አልከኝ። እኔም በእኔ ጣጣ ትዳርህ እንዳይናጋ ብዬ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ እናቷን ቀብራ ለተቀመጠች ልጅ ዋሸሁ።

ሚልክያስ፦ እግዜር ያክብርህ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ጋሽ ዘለቀ፦ በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ቤታችሁ ሄድኩ። ምን አደረገች መሰለህ? ከበር ተቀበለችኝና እጄን ሳመች። «መንገድ ላይ ብቻዎን ቆመው አልደነገጡም?» አለችኝ። ዓይኗ እንዳበጠ ነው። ያቀረበችልኝን ሻይ ሳልጨርሰው ወጣሁ።

ሚልክያስ፦ ይኸው ነው እኮ፣ ሆደ ቡቡ ናት። እሑድም እንዲሁ ታምንሃለች። ለማንኛውም ጨዋታው ይቆይና ቁልፉን ወዲህ በል። ጠዋት በገመድ ተጎትታ ስትገባ አይቻታለሁ፤ ምን ሆና ነው?

ጋሽ ዘለቀ፦ ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይ።

ሚልክያስ፦ ሳልከፍታት እንዴት ላያት?

ጋሽ ዘለቀ፦ መጀመሪያ ልንገርህ። ማክሰኞ ጠዋት እማማ የሺመቤትን ይዤ እሄድ ነበር።

ሚልክያስ፦ ኩላሊት የሚታጠቡትን?

ጋሽ ዘለቀ፦ አዎ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አሳርፍጃቸው አላውቅም። ጎተራ ማሳለጫው አናት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ጭጭ አለች። ነዳጅ መስጫውን ብረግጥ ምንም። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ ገልባጭ እየመጣ ነው።

ሚልክያስ፦ በስመ አብ!

ጋሽ ዘለቀ፦ ፍሬኑ ሲጮህ ሰማሁት። በመስታወቱ ሳይ ሌላ ነገር የለም፣ የገልባጩ ግንባር ብቻ። ክንድ ሲቀረው ቆመ። እማማ የሺመቤት የጮኹ መሰለህ? «ዘለቀ ልጄ፣ ወርጄ ልግፋልህ ይሆን?» አሉኝ። በዚያ በመርፌ በተበሳሳ ክንዳቸው።

ሚልክያስ፦ አምላክ ነው ያተረፋችሁ።

ጋሽ ዘለቀ፦ መትረፉንስ ተረፍን። ግን ሰዓታቸው አለፈና ተራቸው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እስከ ማግስቱ እግራቸው አብጦ ዋለ። ረቡዕ ደውዬ «ነገ በተለመደው ሰዓት ልምጣ?» ብላቸው «ልጄ፣ አንተን አልጠላሁህም፤ መኪናህን ፈራኋት፤ ሌላ ሰው ይዣለሁ» አሉኝ።

ሚልክያስ፦ ተቀይመው ነው፣ ይመለሳሉ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ተቀይመው ቢሆን እሄድና እክሳቸው ነበር። አልተቀየሙም፤ ፈርተው ነው። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

ሚልክያስ፦ ነዳጅ ነው ጋሼ። ሰሞኑን ውሃ የተቀላቀለበት ነዳጅ…

ጋሽ ዘለቀ፦ ነዳጅ ነው?

ሚልክያስ፦ ወይ ደግሞ ትንሿ ባትሪ ትሆናለች። ስንት ዓመቷ ነው እሷስ?

ጋሽ ዘለቀ፦ ሶፍትዌሩ የሚጫነው ለምንድነው ብዬ ጠይቄህ ነበር። እዚህችው ቦታ ቆመህ፣ እንደ ሐኪም እጅህን እያወራጨህ አስረድተኸኝ ነበር። እስቲ ድገምልኝ።

ሚልክያስ፦ አሁን ምን ያደርግልሃል?

ጋሽ ዘለቀ፦ ድገምልኝ አልኩህ።

ሚልክያስ፦ እሺ… ሞተሩንና ባትሪውን የሚያዛምድ ኮምፒውተር አላት። ድሮ በተጫነላት ሶፍትዌር፣ ውስጧ ያለው ዕቃ ሲግል ኮምፒውተሩ ይደነግጥና መኪናዋን በአንዴ ድርግም ያደርጋታል። አዲሱ ሶፍትዌር ግን ቀድሞ በመብራት ያስጠነቅቃል። ጉልበቷን ቀንሶ ቀስ አድርጎ ዳር ያስይዛታል እንጂ መሀል መንገድ ላይ አያቆማትም።

ጋሽ ዘለቀ፦ ማክሰኞ መብራት አልበራም።

ሚልክያስ፦ ምናልባት ልብ ሳትል ቀርተህ…

ጋሽ ዘለቀ፦ ዳርም አላስያዘችኝ። ድርግም ነው ያለችው። ልክ የድሮው ሶፍትዌር ያደርጋል እንዳልከው።

ሚልክያስ፦ ስቲከሩን እየው እንጂ! የበሩ ጠርዝ ላይ በእጄ ለጥፌዋለሁ። ቀኑን ጽፌ ፈርሜበታለሁ!

ጋሽ ዘለቀ፦ አውቀዋለሁ። የተሳፈረውን ሰው ሁሉ «እዩት፣ ልጄ ነው የጫነልኝ» እያልኩ ሳሳየው ነው የከረምኩት።

ሚልክያስ፦ ታዲያ ምን ቀረህ?

ጋሽ ዘለቀ፦ ታዲያማ ከዚያ ቀን ወዲህ ነዳጅ መጠጣት አበዛች ብዬ ደወልኩልህ። ድሮ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ዝም ይል ነበር፤ አሁን ሲያጉረመርም ይውላል አልኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ?

ሚልክያስ፦ …እየተማረችህ ነው አልኩህ።

ጋሽ ዘለቀ፦ «አዲስ ሶፍትዌር ነው ጋሼ፣ አነዳድህን እየተማረች ነው፣ አንድ ወር ስጣት» አልከኝ። እኔ ጅሉ አመንኩህ! እንድትማረኝ ብዬ እንደ አራስ ቀስ ብዬ ስነዳት ከረምኩ። ጉብታ ላይ ስደርስ «አይዞሽ፣ እንዲህ ነው የምሻገረው፣ ልብ በይ» እላት ነበር። አንዲት ተማሪ መሀል መንገድ ላይ «አውርዱኝ» ብላኝ ወረደች። ያበድኩ መስሏት ነው።

ሚልክያስ፦ ኧረ ጋሼ!

ጋሽ ዘለቀ፦ አትሳቅ። አያስቅም። ወር ሙሉ የሌላ መኪና ጭንቅላት ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ሚልክያስ፦ የሌላ መኪና ምን አልክ?

ጋሽ ዘለቀ፦ እጄን ኪሴ ስከት ምን አስደነገጠህ? ወረቀት ነው። ትናንት ለቡ ወዳለ ጋራዥ አስጎትቼ ወስጃት ነበር።

ሚልክያስ፦ ሌላ ጋራዥ? እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው እንዲነካት ፈቀድክ?

ጋሽ ዘለቀ፦ ከፋህ?

ሚልክያስ፦ እንዴት አይከፋኝ! ስምንት ዓመት ከእኔ ሌላ ሰው ኮፋኖዋን ከፍቶ አያውቅም!

ጋሽ ዘለቀ፦ ለልጅቷም ይኼንኑ ነገርኳት። መካኒኳ ወጣት ሴት ናት፣ የትርሲት እኩያ ትሆናለች። ማሽኗን ሰክታ ስታይ ቆየችና «አባባ፣ ይኼ ኮምፒውተር የዚህች መኪና አይደለም» አለችኝ። ጮኽኩባት። «መኪናዬን የሚሠራው ልጄ ነው፣ አንቺ ማሽንሽን አስተካክይ» አልኳት። እሷም ይኼን ወረቀት አትማ ሰጠችኝ። እንካ፣ አንብብልኝ።

ሚልክያስ፦ መነጽርህስ?

ጋሽ ዘለቀ፦ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ካንተ አፍ ልሰማው ፈልጌ ነው። ላይኛው ሊብሬዬ ላይ ያለው ሻንሲ ቁጥር ነው። ታችኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተገኘው። አንድ ናቸው?

ሚልክያስ፦ …አይደሉም።

ጋሽ ዘለቀ፦ ውስጡ ያለው ሶፍትዌርስ?

ሚልክያስ፦ የድሮው ነው።

ጋሽ ዘለቀ፦ እንግዲያው አቶ ወንድይራድ ከመጠየቃቸው በፊት እኔ ልጠይቅህ። ያን ቅዳሜ መኪናዬ የት ነበረች?

ሚልክያስ፦ እዚሁ ነበረች። ግን እግዜር ያሳይህ፣ ጠዋት ጭኜልህ ነበር! በሥርዓቱ ጭኜ፣ ነድቼ ሞክሬ፣ ጨርሼ ነበር። ስቲከሩን ስለጥፈው እውነት ነበር!

ጋሽ ዘለቀ፦ ታዲያ በስንት ሰዓት ውሸት ሆነ?

ሚልክያስ፦ አምስት ሰዓት ላይ ቱታዬን አውልቄ፣ ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ወደ አርባው ልወጣ በሩን ስከፍት አንድ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ መጣ። ድርጅቱ ሠላሳ ሃይብሪድ መኪና አለው። ሁሉንም አንተ ጋ አደርጋቸዋለሁ ብሎኝ ነበር። «ከሰዓት ሐዋሳ እሄዳለሁ፣ የኔንም ጫንልኝ» አለኝ።

ጋሽ ዘለቀ፦ «የአማቴ አርባ ነው» ማለት አቃተህ?

ሚልክያስ፦ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው ብዬ ነው። ኮቴን መልሼ ሰቀልኩ። ኤሌክትሪኩን ሰካሁ፣ ላፕቶፑን ሰካሁ፣ መጫን ጀመረ። ዘጠና በመቶ ደርሶ መብራት ጠፋ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ጀነሬተሩስ?

ሚልክያስ፦ ነዳጅ አልቆበት ነበር። የዚያን ሳምንት ወረፋ ታውቀው የለ።

ጋሽ ዘለቀ፦ የኔን ስትጭን መብራት ቢጠፋስ ኖሮ?

ሚልክያስ፦ ያንተንማ በጀነሬተር ነው የጫንኩት! መብራት እያለ እንኳ አላመንኩትም። የነበረችኝን ሁለት ሊትር ላንተ ነው ያቃጠልኳት። ላንተ ተጠንቅቄልህ ነበር ጋሼ!

ጋሽ ዘለቀ፦ ወይ አንተ ልጅ… እሺ። መብራት ጠፋ።

ሚልክያስ፦ በመሀል ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት ነው፤ ወደኋላም ወደፊትም አይልም። መኪናዋ ድንጋይ ሆነች። ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ትርሲት እየደጋገመች ትደውላለች። ዞር ስል ያንተ መኪና ቆማለች። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓመተ ምርት፣ ውስጧ ገና ጠዋት የተጫነለት ደህና ኮምፒውተር።

ጋሽ ዘለቀ፦ ነቀልከው።

ሚልክያስ፦ ነቀልኩት።

ጋሽ ዘለቀ፦ ለእሱ ገጠምክለት።

ሚልክያስ፦ አዎ።

ጋሽ ዘለቀ፦ በእኔ መኪና ውስጥ ያለውስ የማን ነው?

ሚልክያስ፦ መደርደሪያ ላይ የቆየ አንድ ነበረኝ። ከተጋጨች መኪና የወጣ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ግጭት ብቻ ነው?

ሚልክያስ፦ …ጎርፍም ገብቶባታል።

ጋሽ ዘለቀ፦ ጎርፍ የገባበት! ታዲያ ለምን እሱን ለሰውየህ አልገጠምክለትም?

ሚልክያስ፦ አዲሱን ሶፍትዌር አልቀበል አለ፣ ሞክሬው ነበር። ሰውየው ደግሞ ሐዋሳ ድረስ የሚነዳ ነው፣ መንገድ ላይ ቢያቆመውስ?

ጋሽ ዘለቀ፦ እኔን ያቁመኝ።

ሚልክያስ፦ አንተ ከከተማ አትወጣም ብዬ እኮ…

ጋሽ ዘለቀ፦ ጎተራም ከተማ ነው ሚልክያስ። እማማ የሺመቤትም ከከተማ አልወጡም።

ሚልክያስ፦ እሳቸውን አላሰብኳቸውም! በሳምንት ውስጥ ሌላ አስመጥቼ፣ አንተ ሳታውቅ ልቀይርልህ ነበር። ከዱባይ ይመጣል የተባለው ዘገየብኝ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ዘገየ። «ጋሼ፣ እስኪመጣ ድረስ አትንዳት» ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ዓረፍተ ነገር እኮ ናት!

ሚልክያስ፦ አፈርኩ።

ጋሽ ዘለቀ፦ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አሥር ሰዓት ላይ «በአንተ የተነሳ አርባውን ቀረሁ» ብለህ ስትደውልልኝ ምን እያደረግክ ነበር?

ሚልክያስ፦ ተወው ጋሼ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ምን እያደረግክ ነበር?

ሚልክያስ፦ ያንን የጎርፉን… ያንተ መኪና ላይ እያሰርኩ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ፦ በአንድ እጅህ ብሎኑን እያጠበቅክ፣ በሌላው ስልክ ይዘህ። እኔ ደግሞ ምን አልኩህ? «ይቅርታ ልጄ፣ በእኔ ጣጣ ነው» አልኩህ። ይቅርታ ጠየቅኩህ እኮ! ከዚያም ለሚስትህ ዋሸሁ። የራሴን መኪና መዘረፍ በራሴ አፍ ሸፈንኩልህ።

ሚልክያስ፦ ዝርፊያ አትበለው!

ጋሽ ዘለቀ፦ እሺ፣ አንተ ስም አውጣለት።

ሚልክያስ፦ እውነቱን ልንገርህ?

ጋሽ ዘለቀ፦ የቀረ ካለ።

ሚልክያስ፦ ያን ቀን ግቢው ውስጥ እንዲያው ያንተን የሚመስሉ ሦስት መኪናዎች ነበሩ። የሌላ ሰው ብነካ ፖሊስ ይዞብኝ ይመጣል። ያንተን የመረጥኩት የራሴ ሰው ስለሆንክ ነው። ብታውቅ እንኳ ትቆጣለህ፣ ትሰድበኛለህ፣ ከዚያ ይቅር ትለኛለህ። ከዓለም ላይ ይቅር ይለኛል ብዬ የማምነው አንተን ብቻ ነው። ትርሲትንም እንደዚያው። ታኮርፋለች፣ ከዚያ ትመለሳለች ብዬ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ስለምንወድህ መረጥከን።

ሚልክያስ፦ እንደዚያ ስትለው ያስጠላል እንጂ…

ጋሽ ዘለቀ፦ እንዴት ስለው ያምራል? አባትህ ሲሞት አሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ከመቃብሩ አልነሳም ብለህ ተሸክሜ ያመጣሁህ እኔ ነኝ። መሪ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ያ ገልባጭ የሚነዳው ልጅ ስሜን እንኳ አያውቅም፤ ሲያየኝ ግን ባለ በሌለ ጉልበቱ ፍሬን ያዘ። አንተ ግን አውቀኸኝ ነው እንዲህ ያደረግከኝ። ተቃጥያለሁ ሚልክያስ። ሦስት ቀን ሙሉ «ሚልክያስ አያደርገውም» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የሰነበትኩት።

ሚልክያስ፦ አፈር ስሆን ጋሼ! እግርህ ላይ ልውደቅ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ተነስ። ተነስ እንጂ፣ ሱሪዬን ዘይት ታስነካዋለህ።

ሚልክያስ፦ ምን ላድርግልህ? ያልከኝን አደርጋለሁ። በሞቴ፣ ያልከኝን!

ጋሽ ዘለቀ፦ የሰውየው መኪና አሁን የት ናት?

ሚልክያስ፦ …ያቻት።

ጋሽ ዘለቀ፦ ያቺ ነጯ? ከእኔዋ ጎን የቆመችው?

ሚልክያስ፦ ለዘይት ቅያሪ ነው የመጣችው።

ጋሽ ዘለቀ፦ ኮምፒውተሬ እዚያች ውስጥ ነው። አሥር እርምጃ አይሞላም። ነቅሎ መመለስ ምን ያህል ይፈጃል?

ሚልክያስ፦ ግማሽ ሰዓት።

ጋሽ ዘለቀ፦ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። እንካ ቁልፉን፣ ይኸው ከእጄ ለቀቅኩት። ነቅለህ መልስልኝ። ለሰውየው ደግሞ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ንገረው። ይኼን ካደረግህ እሑድ አብሬህ እሄዳለሁ። ከጎንህ ተቀምጬ «ሁለታችንም ዋሽተንሻል» እላታለሁ። አብረን ይቅርታ እንጠይቃታለን። ቢያስፈልግ እኔ ቀድሜ እወድቃለሁ።

ሚልክያስ፦ እውነትህን ነው? ከጎኔ?

ጋሽ ዘለቀ፦ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?

ሚልክያስ፦ እሺ። እሺ፣ አሁኑኑ! መፍቻዬ የት አለች… ይቺ ስልክ ደግሞ! ራሱ ነው። እሱ ነው የሚደውለው።

ጋሽ ዘለቀ፦ አንሳው። ጥሩ ጊዜ ነው፣ ንገረው።

ሚልክያስ፦ አቤት አለቃ! … ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … አዎ። … እንግዲህ፣ አንዲት ነገር… አይ፣ አይ፣ ምንም አይደለም። … አዎ፣ ደርሳለች። … ኧረ ምንም እንከን የለባትም! አሁኑኑ መጥተው ሊወስዷት ይችላሉ። … ሠላሳዎቹን? ከሰኞ ጀምሮ? … እሺ ጌታዬ፣ እጠብቅዎታለሁ። እሺ፣ እሺ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ደርሳለች አልከው።

ሚልክያስ፦ ሠላሳውን መኪና ሊልክልኝ ነው ጋሼ! ይኼን ጊዜ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? እስከ ሰኞ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ታገሰኝ። ሰኞ ሰበብ ፈልጌ መኪናዋን አስመልሳታለሁ፣ ያኔ ነቅዬ…

ጋሽ ዘለቀ፦ እስከ ሰኞ ምን ልንዳ?

ሚልክያስ፦ ሦስት ቀን ናት እኮ! አንተ ካልታገስከኝ ማን ይታገሰኛል? አንተማ የራሴ ሰው ነህ።

ጋሽ ዘለቀ፦ ቁልፌን መልስ።

ሚልክያስ፦ ጋሼ!

ጋሽ ዘለቀ፦ ቁልፌን። ወረቀቱንም። ጎታቹን በር ላይ አቁሜው ነው የገባሁት፤ ለቡ ይወስዳታል። ያቺ ልጅ ታስተካክላታለች።

ሚልክያስ፦ እሺ፣ ውሰዳት፣ ተናደሃል፣ ልክ ነህ። ነገ ይበርድልሃል። እሑድ ግን እንዳትቀርብኝ! ወንበርህን ከእኔ ጎን አድርጉት ብያለሁ። ትመጣለህ አይደል?

ጋሽ ዘለቀ፦ እሑድማ እንዴት እቀራለሁ፤ «ቢበድልሽ ወደ እኔ ነይ» ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሷ እስክትመጣ አልጠብቅም፣ እኔው እሄድላታለሁ፤ ወንበሬን ግን ከጎንህ አንሱትና በትርሲት በኩል አድርጉልኝ።